የመኪና መሪ ለመረከብ ዝግጁ መሆን ምንድን ነው?

በቸርችል ጎዳና ወይም ከመስቀል አደባባይ ወደ ሜክሲኮ ሲኬድ ከሚታዩት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዳንዶቹ መስመራቸውን ጠብቀው፣ ከፊታቸው ካለው መኪና ርቀታቸውን መጥነው መሄድ ይችላሉ። «ራሷን ትነዳለች» የሚል ሰው ስሰማ ያሳስበኛል። መኪናዋ ታግዛለች እንጂ ሹፌር አልሆነችም።

መሪ ለመረከብ ዝግጁ መሆን ማለት መኪናዋ «ከዚህ በላይ አልችልም» ስትል፣ ወይም ምንም ሳትል ስትሳሳት፣ ሹፌሩ በጊዜው ደርሶ በደህና መንዳት መቻሉ ነው። ኤስኤኢ የተባለው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር መኪኖችን፣ ምን ያህል በራሳቸው እንደሚሄዱ እያየ፣ ከ0 እስከ 5 በደረጃ ይከፍላል። በ2ኛው ሹፌሩ መንገዱን ያለማቋረጥ መከታተል አለበት። በ3ኛው ዓይኑን ከመንገዱ ማንሳት ይችላል፤ መኪናዋ ስትጠራው ግን የመረከብ ግዴታ አለበት።

ብዙዎች ዝግጁነት እጅን መሪ ላይ ማድረግ ይመስላቸዋል። እጅማ ቶሎ ይመለሳል። የሚዘገየው ሐሳብ ነው። በቀኝ ያለው ሚኒባስ «ወራጅ አለ» ተብሎ ድንገት ሊቆም ይሆን? ከኋላ የሚመጣው ምን ያህል ቀርቧል? ያ እግረኛ ሊሻገር ነው? ሲነዳ የቆየ ሰው ይህን ሁሉ ይዞት ነው የሚሄደው፤ ስልኩን ሲያይ የቆየው እንደ አዲስ መፈለግ አለበት። መሪው እጅ ከገባ በኋላም አነዳዱ እስኪረጋ ጊዜ እንደሚወስድ ጥናቶች አሳይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ አሪዞና በራሱ እንዲሄድ በሙከራ ላይ የነበረ መኪና መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። መሪው ላይ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ ስልኳን ትመለከት እንደነበር ምርመራው አረጋገጠ። ዛሬ የሹፌሩን ዓይን የሚከታተሉ ካሜራዎች አሉ። ወዴት እንደሚያይ ይለያሉ፤ ልቡ የት እንዳለ ግን አያውቁም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ፣ በመደበኛ ሁኔታ፣ የ3ኛ ደረጃ መኪና ሹፌሩን ጠርታ መልስ ካጣች ራሷን ማቆም ከመጀመሯ በፊት ቢያንስ 10 ሰከንድ እንድትጠብቅ ያዛል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይህ 167 ሜትር ያህል ነው። ደንቡ የወጣው ግን እግረኛና ብስክሌት ለማይገቡበት፣ መሀሉ በአጥር ለተከፈለ መንገድ ነው። ፒያሳ እንዲያ አይደለችም። የ2ኛ ደረጃ መኪና ደግሞ ያን 10 ሰከንድ የመስጠት ግዴታ የለባትም፤ ጨርሶ ሳታስጠነቅቅም ልትሳሳት ትችላለች።