«ካንሰር በእጥፍ ጨመረ!» ከስንት ወደ ስንት?

እንጀራዬ የካንሰር ቁጥር መደመር ነው። ተማሪ በየዓመቱ ይቀያየራል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው፦ «በዚህች ደሴት ካንሰር በአንድ ዓመት በእጥፍ ጨመረ። ምን ገብቶባት ነው?» አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልገባባትም።

የፋሮ ደሴቶችን እንውሰድ። በሰሜን አትላንቲክ ያሉ፣ በዴንማርክ ሥር የሚተዳደሩ፣ ሕዝባቸው 54,000 ገደማ ነው። እዚያ አንድ ታማሚ ሲጨመር ከ100,000 ሰው የሚሰላው ምጣኔ ወደ 2 ያህል ይዘላል። አንድ ሰው እኮ ነው! አሁን በዓመት በአማካይ 2 ሰው የሚይዝ ካንሰር አለ እንበል። ምንም ሳይለወጥ፣ እንዲያው በአጋጣሚ፣ ከ7 ዓመት በአንዱ 4 ወይም ከዚያ በላይ ታማሚ ይገኛል። ከ7 ዓመት በአንዱ ደግሞ አንድም አይገኝም። በዚያ ባዶ ዓመት «ውሃችን ጠራ» ብሎ የሚደውልልኝ የለም።

አንዴ አንድ ተማሪ ትልቅ ቀይ ቀስት የሳለበት ግራፍ ይዞልኝ መጣ። «መቶ በመቶ ጭማሪ!» ይላል። ከስንት ወደ ስንት አልኩት። አቀርቅሮ «ከ1 ወደ 2» አለኝ።

ስለዚህ የ10 ዓመቱን አንድ ላይ ደምሩት። 20 ታማሚ ቢወጣ እንኳ ትክክለኛው የ10 ዓመት አማካይ ከ12 እስከ 31 ባለው መካከል ሊሆን ይችላል። ይህ «ከ እስከ» ያልተጻፈበትን ሠንጠረዥ እኔ አልፈርምበትም።

ሌሎች የምሰማቸው አባባሎችም አሉ። «ትንሽ ደሴት ናት፣ መቁጠር ቀላል ነው።» ቀላል? ከፋሮ ለከባድ ሕክምና ወደ ዴንማርክ የሚላክ ብዙ ነው። ሰው የሚቆጠረው በሚኖርበት እንጂ በታከመበት አይደለም። ወረቀቱ ከኮፐንሃገን ካልተመለሰ ታማሚው ከቁጥሩ ጎደለ ማለት ነው።

«ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው፣ በዘር ነው።» ሌላዋን ደሴት አይስላንድን እንይ፤ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገር አቀፍ የካንሰር መዝገብ አላት። ብዙ የተወራለት፣ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጠው የቢአርሲኤ2 (BRCA2) የዘር ለውጥም በደንብ ተጠንቶባታል። ለውጡን የተሸከመው ግን ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። ጡት ካንሰር ከያዛቸው ሴቶችም ከ10 አንዷ እንኳ አትሞላም።

«ብዙ ታማሚ ያለበት አገር የከፋ አገር ነው።» ሽማግሌ የበዛበት ሊሆን ይችላል። በስሌቱ የሕዝቡን የዕድሜ ልዩነት ሳታስተካክሉ አታወዳድሩ።

«ከካንሰር ጋር የሚኖረው ሰው በዛ።» አንዳንዴ ደስ የሚል ዜና ነው፤ ቶሎ የሚሞተው ቀነሰ ማለት ነው።