የኤንኤችኤል ሥራ መዝጋት በስታዲየም ዙሪያ ባሉ ባሮችና በደጋፊዎች ላይ

የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ ኤንኤችኤል በኮሚሽነር ጌሪ ቤትማን ዘመን ሦስት ጊዜ ሥራ ዘግቷል፤ በ1994–95፣ በ2004–05 እና በ2012–13 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሦስቱንም ጊዜ በሩን የዘጉት የቡድን ባለቤቶች ናቸው፤ ተጫዋቾቹ አድማ አልመቱም። በ2004–05 የዓመቱ 1,230 ጨዋታዎች በሙሉ ተሰርዘዋል። በእኛ አገር የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ የ1919ኙን ፍጻሜ ካቋረጠው ወዲህ የሊጉ ዋንጫ ስታንሊ ካፕ ሳይሰጥ የቀረው ያኔ ብቻ ነው። ለባር ባለቤት ግን ብዙ የሚያስተምረው ሦስተኛው ነው።

ጸቡ የገቢ ክፍፍል ነበር። ተጫዋቾች ከሊጉ የሆኪ ገቢ 57 በመቶ ይወስዱ ነበር፤ ባለቤቶቹ ድርሻውን ለማውረድ ፈለጉ፣ በመጨረሻም 50 በመቶ ሆነ። ሊጉና ተጫዋቾቹ የተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ሴፕቴምበር 15 ቀን 2012 አበቃ። ሊጉ ግን ጨዋታዎቹን በአንድ ጊዜ አልሰረዘም። ኦክቶበር 4 ላይ እስከ ወሩ 24 ድረስ የነበሩትን 82 ጨዋታዎች ሰረዘ፤ ቀጥሎ እስከ ኖቬምበር 1፣ ከዚያ እስከ ወሩ መጨረሻ፣ ከዚያ እስከ ዲሴምበር 14፣ ከዚያ እስከ 30፣ በመጨረሻም እስከ ጃንዋሪ 14። ባሮችን ከጨዋታው መቅረት ይልቅ የጎዳቸው ይህ ቁርጥራጭ ነው ማለት ይቻላል። የውድድር ዓመቱ እንደሌለ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሠራተኛውንም ግዢውንም ያስተካክላል። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ «ምናልባት» የሚባል ሰው ግን ሠራተኛ ማሰናበትም ማቆየትም አይችልም።

ዋሽንግተንን እንውሰድ። የከተማዋ የሆኪ ቡድን ካፒታልስ የሚጫወትበት አዳራሽ፣ ያኔ ቬራይዘን ሴንተር ዛሬ ካፒታል ዋን አሪና፣ ቻይናታውን መሐል ነው። ቡድኑ በሜዳው ሊያደርጋቸው ከነበሩት 41 ጨዋታዎች የተካሄዱት 24 ብቻ ናቸው፤ 17 ምሽት ጠፋ። በአዳራሹ አጠገብ ያለ ባር ገንዘቡን የሚያገኘው በሁለት ማዕበል ነው፤ ሰው ከሥራ ወጥቶ ጨዋታው እስኪጀምር ባለው ጊዜ፣ ደግሞም ካለቀ በኋላ። ራቅ ባለ ሰፈር ያለ ባር ግን በቴሌቪዥን የሚያይ ደንበኛን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይዞ ያቆያል። ለሁለቱም የሆኪ ዋጋው ማክሰኞና ረቡዕን መሙላቱ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ቅዳሜና እሑድን ይሸፍናል፤ የሳምንቱን መካከል አይተካም። አዳራሹን የሚጋራው የቅርጫት ኳስ ቡድን ዊዛርድስም ያን ዓመት የከፈተው 12 ጨዋታ ተራ በተራ በመሸነፍ ነበር፤ ማን ይሞላዋል? ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዓመት ደግሞ የቅርጫት ኳሱ ሊግ ኤንቢኤ በራሱ ሥራ መዝጋት ዓመቱን ከ82 ወደ 66 ጨዋታ አሳጥሮ ነበር። ተጎራባች ባሮች ሁለት የውድድር ዓመት በተከታታይ ተመቱ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚጎዳው አስተናጋጁ ነው። ያኔ በከተማዋ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 8.25 ዶላር ሲሆን፣ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ ግን ቀጣሪው መክፈል ያለበት 2.77 ዶላር ብቻ ነበር። ልዩነቱን ቲፕ ካልሞላው ቀጣሪው ይሞላል፤ ያም ቢሆን የሚደርሰው ዝቅተኛው ላይ ነው። ቀጥሎ ሺፍት ይቀነሳል።

ቢራም ይበላሻል። ትልቁ የአሜሪካ የድራፍት በርሜል 58.7 ሊትር ይይዛል፤ አረፋና ብክነት ሳይቆጠር 124 የፓይንት ብርጭቆ ይወጣዋል። ፓስቸራይዝ ያልተደረገ (ተሐዋስያኑ በሙቀት ያልተገደሉ) ድራፍት በ3 ዲግሪ አካባቢ ቢቀመጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቢቆይ ነው። ለኦክቶበር የተገዛ ለገና አይደርስም፤ ስለዚህ ከተከፈቱት ቧንቧዎች ጥቂቱን ዘግቶ በጠርሙስ መሸጥ ይሻላል። ቢራ ጠማቂውም አልተረፈም፤ ሞልሰን ኩርስ በካናዳ ሽያጩ በዚህ ምክንያት እንደተጎዳ በይፋ ተናግሯል። ሥራ ሲቋረጥ የሚክሰው ኢንሹራንስም እዚህ አይሠራም፤ እሳት ወይም ጎርፍን የመሰለ አካላዊ ጉዳት ይጠይቃል።

ከአዳራሹ ደጃፍ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ታክሲ ነጂም አለ፤ በዋሽንግተን ከእነዚህ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ለከተማው በጠቅላላ ግን ጉዳቱ ጎልቶ አይታይም። ኮትስና ሃምፍሪስ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2001 ባወጡት ጥናት የስፖርት አድማና ሥራ መዝጋት በከተሞች የነፍስ ወከፍ ገቢ ላይ የሚታይ ለውጥ አላገኙም፤ ደጋፊው ገንዘቡን ሌላ ቦታ ያጠፋል። ያ ሌላ ቦታ ግን ቻይናታውን ላይሆን ይችላል።

ስምምነቱ የተደረሰው ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ሲሆን ውድድሩ የጀመረው 19 ላይ ነው። የተበተነ ሠራተኛ ለመሰብሰብ ሁለት ሳምንት እንኳ አልነበረም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቡድን 48 ጨዋታ በ99 ቀን ተጨናነቀ። ደጋፊው ቢቆጣም ይመለሳል፤ ከ2004–05 በኋላ በነበረው ዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ገብቶ የሊጉ ክብረ ወሰን ሆነ። አሁን የጸደቀው የኅብረት ስምምነት እስከ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2030 ይዘልቃል። በስታዲየም አጠገብ ለባር የሚሆን ቤት የሚከራይ ሰው ውሉ ያን ቀን የሚሻገር ከሆነ፣ ጨዋታ ሲሰረዝ ኪራዩ የሚቀንስበትን አንቀጽ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ፤ ከፈረመ በኋላ የሚሰማው አከራይ አያገኝም።