«የተወሰነ ማስረጃ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«የሞባይል ጨረር አይጦች አንጎል ላይ ዕጢ አወጣ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ወሬው የተነሳው የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዛማነት ጥናት ፕሮግራም በ2018 እ.ኤ.አ. ካወጣው ውጤት ነው። አይጦቹ በቀን 9 ሰዓት ያህል፣ ለ2 ዓመት፣ መላ አካላቸው ለ2ጂና ለ3ጂ ሞገድ ተጋልጧል። እንዲህ ስልክ የሚያወራ ሰው የለም መቼም!

በወንዶቹ አይጦች ልብ ላይ ለታየው ዕጢ «ግልጽ ማስረጃ» አለ ተባለ። የነርቭ ሴሎችን ከሚደግፉት የአንጎል ሴሎች ለሚነሳው ዕጢ ግን «የተወሰነ ማስረጃ» ብቻ። ይህ ከ«ግልጽ» አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፦ ሞገዱ ሳያመጣው አይቀርም፣ ማስረጃው ግን የሚፈለገውን ያህል ጠንካራ አይደለም እንደማለት ነው። በሴቶቹ ላይ የታየው ደግሞ አሻሚ ነበር።

የሚገርመው፣ የተጋለጡት ወንድ አይጦች ካልተጋለጡት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረዋል።