ዳይአዮዶታይሮሲን

ዳይአዮዶታይሮሲን ሁለት የአዮዲን አተሞችን የተሸከመ ታይሮሲን ነው። ታይሮሲን ከፕሮቲን መሥሪያ አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው። የታይሮይድ ሆርሞኖች ያለዚህ ውህድ አይሠሩም፤ እሱ ራሱ ግን ሆርሞን አይደለም። ዝናውን ከእሱ የሚሠራው ሆርሞን ታይሮክሲን ወስዶበታል።

የዳይአዮዶታይሮሲን ሥራ ያለው አንገት ፊት ለፊት ላይ በሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ውስጥ ነው። ዕጢው አዮዲንን በአዮዳይድ መልክ ከደም ይስባል። ታይሮግሎቡሊን የሚባል ግዙፍ ፕሮቲንም ያመርታል። ከዚያ ታይሮይድ ፐርኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እየታገዘ፣ በፕሮቲኑ ላይ ካሉት ታይሮሲኖች በአንዳንዶቹ ላይ አዮዲን ይተክላል። አንድ ሲተከል ሞኖአዮዶታይሮሲን፣ ሁለት ሲተከል ዳይአዮዶታይሮሲን ይሆናል።

ቀጥሎ ማጣመር ነው። ሁለት ዳይአዮዶታይሮሲኖች ሲጣመሩ ባለ 4 አዮዲኑ ታይሮክሲን (ቲ4) ይገኛል። አንዱ ሞኖአዮዶታይሮሲን ከሆነ ደግሞ ባለ 3 አዮዲኑ ሆርሞን ቲ3 ይወጣል። ይህንንም የሚሠራው ያው ኢንዛይም ነው። ታይሮይድ ከልክ በላይ ሲሠራ የሚታዘዙት ሜቲማዞልና ፕሮፒልታዮዩራሲል የሚያግዱትም እሱኑ ነው።

ውህዱ መጀመሪያ የተገኘው ከሰው ወይም ከእንስሳ ዕጢ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1896 ድሬክሰል የተባለ ኬሚስት ያገኘው ከባሕር ኮራል ነው! ከታይሮይድ ዕጢ ነጥለው ያወጡት ሃሪንግተንና ራንዳል የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1929። ታይሮክሲን እ.ኤ.አ. በ1914 ተለይቶ ስለነበር፣ ጥሬ ዕቃው በዕጢው ውስጥ የታየው ከምርቱ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው የዕጢው ቁጠባ ነው። አዮዲን ከተተከለባቸው ታይሮሲኖች አብዛኞቹ ሳይጣመሩ ይቀራሉ። ሆርሞን ሲፈለግ ታይሮግሎቡሊን ይፈጫል፤ ቲ4 እና ቲ3 ወደ ደም ይወጣሉ። የተረፈው ዳይአዮዶታይሮሲን ግን በከንቱ አይጣልም። አዮዶታይሮሲን ዲአዮዲኔዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም አዮዲኑን ይነቅልለታል፣ ዕጢውም መልሶ ይጠቀምበታል።

ይህ ኢንዛይም በዘር በሚወረስ ጉድለት ካልሠራ ችግር ይመጣል። ዳይአዮዶታይሮሲኑ ከነአዮዲኑ ወደ ደም ይሾልክና በሽንት ይወገዳል። ዕጢው አዮዲን ያጥረዋል፣ ሆርሞን ያንሳል፣ እንቅርት ይወጣል። ክፋቱ ደግሞ አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ ምርመራቸው ደህና ሊመስል ይችላል። ምልክቱ ዘግይቶ ሲታይ የአእምሮ እድገታቸው ቀድሞ ተጎድቶ ሊገኝ ይችላል።