የዩኒቨርሲቲን ሥርዓተ ትምህርት ከቅኝ አገዛዝ ማላቀቅ ምንድን ነው?

አንድ ኮርስ ዓለምን ከየት ሆኖ እንደሚያይ መመርመር፣ መመልከቻው የቅኝ ገዢው አገር ሆኖ ከተገኘም ወደ ተማሪው አገር ማምጣት ነው። የምንባብ ዝርዝሩ ላይ የአፍሪካውያንን ስም መጨመር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። ብዙዎች ግን በስም ጀምረው በስም ይጨርሳሉ።

ጉዳዩ ጥርት ብሎ የሚታየው ናይሮቢ ላይ ነው። የናይሮቢ ኮሌጅ እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ተማሪዎቹን የሚያዘጋጀው ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ነበር። ከዚያ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ ሥነ ጽሑፍ የሚማር ሰው የሚገባው ግን አሁንም «የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል» ነበር። ኦክቶበር 24 ቀን 1968 ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ (በወቅቱ ጄምስ ንጉጊ)፣ ታባን ሎ ሊዮንግና ሄንሪ ኦውር አንዩምባ ክፍሉ ይዘጋ የሚል ማስታወሻ ጽፈው አቀረቡ። ማስታወሻው የሚጠቀሰው ባብዛኛው በዚህ ደፋር ጥያቄው ነው። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ያቀረቡት የትምህርት ዕቅድ ላይ ነው፦ መሠረቱ የአፍሪካ የቃል ሥነ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ የስዋሂሊ ከዐረብኛና ከእስያ ጋር፣ ከዚያ የተመረጠ የአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ፣ በመጨረሻም ዘመናዊው የአፍሪካ ድርሰት። አውሮፓ አልተባረረም፤ ከቤት ባለቤትነት ወደ እንግድነት ተዛወረ እንጂ።

«እኛ በቅኝ አልተገዛን፣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። የሕግ ትምህርታችንን እንመልከት። በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። አንቀጽ 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበረውን ልማዳዊ ሕግ ሽሯል። የሕግ ፋኩልቲው በ1963 ሲከፈትም ማስተማሪያው እንግሊዝኛ፣ ዲኑም አሜሪካዊ ነበሩ። ማንም በጠመንጃ አላስገደደንም፤ የኮርሱ መነሻ ግን ውጭ አገር ሆነ።

የዋስትና ሕግን ውሰዱ። በተለመደው አካሄድ መምህሩ ትርጓሜውን ይሰጣል፣ ከአንቀጽ 1920 ጀምሮ ይዘልቃል፣ በባንክ ብድር ምሳሌ ይዘጋል። አሁን ከእቁብ ጀምሩ። ዕጣ የወጣለት አባል ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። ወስዶ መክፈል ቢያቆምስ? ዋሱን የሚጠይቀው የእቁቡ ዳኛ ነው ወይስ አባላቱ ሁሉ? ዋሱ «እኔ አለሁ» ያለው በቃሉ ብቻ ቢሆንስ? ሕጉ እኮ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም እንዲገለጽ ይጠይቃል። ተማሪው እዚህ ሲደርስ አንቀጹ ለምን እንዲህ ተጻፈ፣ ከየትስ መጣ ብሎ ራሱ ይጠይቃል። የፈረንሳይ ሕግ የሚገባው ያኔ ነው። የተሸመደዱት አንቀጾች ያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ተገልብጧል።

ኮርስ ለመከለስ የሚነሣ ትምህርት ክፍል ከኮርስ አውትላይኑ በፊት የሦስት ዓመት የፋይናል ፈተናዎችን ያውጣ። አውትላይን የሚያምር ቃል ይይዛል፤ ፈተና ግን አይዋሽም። በየጥያቄው ጉዳዩ የማን አገር ነው? መልሱን ትክክል የሚያሰኘውስ የማን ጽሑፍ ነው? ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መቀየር ይበቃል፤ ኮርሱ የሚጠይቀው ጥያቄ የሚተከለው እዚያ ነው። በመጨረሻም ቢያንስ ሢሶው ነጥብ በአዲሱ ይዘት ላይ ይሁን። ነጥብ የሌለውን ተማሪ አያነብም፤ አይፈረድበትም።

ሥራው የሚበላሸው ባብዛኛው በአንድ መንገድ ነው፦ አሥራ አምስተኛው ሳምንት ላይ «አፍሪካዊ ዕይታ» የሚል ርእስ ይጨመራል። ሴሚስተሩ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ ባይቆረጥም ለተማሪው የሚነግረው «ዋናው ነገር አልቋል» የሚለውን ነው። ሌላው የጽሑፍ እጥረት ነው። የእቁብ መተዳደሪያ ደንብ፣ የሽምግልና ውሳኔ፣ የገበሬ የእኩል ስምምነት ላይብረሪ ውስጥ ስለማይገኙ ቀድሞ ተሰብስበው፣ የሰዎቹ ስም ተሰርዞ፣ በሃንድአውት ካልተዘጋጁ መምህሩ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቀድሞው መጽሐፍ ይመለሳል።

የአገር ውስጥ የሆነን ሁሉ ያለ ጥያቄ መቀበልም ሌላ ወጥመድ ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ የዘርዐ ያዕቆብ ነው የሚባለው ሐተታ በፍልስፍና ኮርስ ውስጥ መግባት አለበት። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. «ጸሐፊው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው» ብሎ መከራከሩ፣ የፍልስፍና ምሁሩ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው መሟገታቸው ግን አብሮ ይሰጥ። ክርክሩን የሸሸገ መምህር ተማሪውን በመጀመሪያው ጉግል ፍለጋ ያጣዋል።

የደቡብ አፍሪካው የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ይህ ሁሉ ጊዜ እንደሚወስድ ያሳያል። ግቢው ውስጥ በነበረው የእንግሊዛዊው ቅኝ ገዢ የሴሲል ሮድስ ሐውልት ላይ ተቃውሞው የተነሣው ማርች 9 ቀን 2015 ነበር፤ ሐውልቱ ኤፕሪል 9 ከቦታው ተነሣ። የዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ ማዕቀፍ ይፋ የሆነው ግን በ2018 ነው፤ ማዕቀፍ ደግሞ ገና ኮርስ አይደለም።

ሳይንስ ላይ ሲመጣ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ የኒውተንን ሕግ የሚሽር ግን የለም። የሚቀየረው ምሳሌውና የሚመረጠው ችግር ነው። የሕክምና ተማሪ የኦክስጅን እጥረትን በነጭ ቆዳ ፎቶ ብቻ ከተማረ፣ ጠቆር ያለ ታካሚ ሲመጣ ምልክቱን ከቆዳው ላይ ይፈልጋል፤ መታየት ያለበት ምላስ፣ የከንፈር ውስጠኛ ክፍልና የዓይን ቆብ ውስጥ ነው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ፣ ፐልስ ኦክሲሜትርም በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ይህ በልዩ ሴሚናር የሚነገር ሳይሆን በመጀመሪያው የአካል ምርመራ ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ ነው።