የኋላ የአየር ሞላን በብረት ሞላ መተካት፦ የሌክሰስ ጂኤክስ እና የፕራዶ ጉዳይ

በአብዛኛው መኪና ላይ የኋላውን ክብደት የሚሸከመው ብረት ነው፤ ወይ ጥቅል ሞላ፣ ወይ ባሌስትራ። አንዳንድ ኤስዩቪዎች ግን በሞላው ቦታ አየር የተሞላ የጎማ ከረጢት ተገጥሞላቸው ከፋብሪካ ይወጣሉ። ከረጢቱ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ምቾቱ የሚመሰገን ነው። ሲያረጅ ግን ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው መኪና ጠዋት ኋላው ቁጭ ብሎ ይገኛል። ያኔ ባለቤቱ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል፤ የአየሩን ሥርዓት ማደስ፣ አለዚያም ነቅሎ በብረት ሞላ መተካት። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው።

መካኒኮች ዕቃውን «ኤር ባግ» ይሉታል። በግጭት ጊዜ ከመሪው ውስጥ ከሚወጣው ኤርባግ ጋር እንዳይምታታ እዚህ «የአየር ሞላ» እያልን እንቀጥላለን።

አሠራሩና አበላሸቱ

የአየር ሞላ በናይለን ክር የተጠናከረ የጎማ ከረጢት ነው። የታችኛው ጫፉ በአንድ ድብልብል መቀመጫ ላይ ተጠልቋል፤ መኪናው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ጎማው እንደ ካልሲ እየተጠቀለለ ይወርዳል፣ እየተፈታ ይወጣል። አየሩን የሚያቀርበው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕረሰር ነው። ከእሱ ጋር እርጥበት የሚመጥ ማድረቂያ፣ አየሩን የሚከፍቱና የሚዘጉ ቫልቮች፣ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች፣ በሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) እና በአክሰሉ (የግራና የቀኝ እግሩን የሚያገናኘው ብረት) መካከል ተዘርግተው ከፍታውን የሚለኩ ሴንሰሮች፣ ሁሉንም የሚያዝ ኮምፒውተር አሉ። ሰው ሲሳፈር ወይም ዕቃ ሲጫን ሴንሰሩ ኋላው መውረዱን ይናገራል፣ ኮምፕረሰሩ ይነሳል፣ መኪናውም ወደ ቀድሞ ከፍታው ይመለሳል።

ብልሽቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጎማው ነው። ከ10 እስከ 15 ዓመት ካገለገለ በኋላ ጎማው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይሰነጣጠቃል። ቀዳዳው መጀመሪያ ከመርፌ ጫፍ ያንሳል፤ መኪናው በጥቂት ሰዓት አንድ ሴንቲሜትር ቢወርድ ማንም ልብ አይለውም። ኮምፕረሰሩ ግን ያውቀዋል። የጎደለውን ሊሞላ በየጊዜው ይነሳል። ለአጭር ጊዜ ሥራ የተሠራ ሞተር ስለሆነ ይግላል፤ ማድረቂያውም ከአቅሙ በላይ እርጥበት ይጠጣና ሥራውን ያቆማል፣ ውሃ ወደ ቫልቮቹ ይገባል፣ በመጨረሻም ኮምፕረሰሩ ይቃጠላል። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ያንኑ ከረጢት ለመሙላት ኮምፕረሰሩ የበለጠ መልፋት አለበት።

ባለቤቱ የሚያየው የቅደም ተከተሉን መጨረሻ ነው። ኮምፕረሰር ሞተ ይባላል፣ አዲስ ይገዛል፣ ቀዳዳው ግን እዚያው አለ። አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁት ጂኤክስ ኮምፕረሰሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሮለት ነበር። ሦስተኛው ከመታዘዙ በፊት መካኒኩ የልብስ ሳሙና በውሃ በጥብጦ በስፖንጅ ጎማው ላይ ቀባው። ከታችኛው እጥፋት ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ አረፋ መስመር ሠርቶ መውጣት ጀመረ። ያ ምርመራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሞላ ልቀይር የሚል ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሳሙናውን ይቀባ እላለሁ፤ ምክንያቱም አንዳንዴ የተበላሸው የሴንሰሩ ማያያዣ ዘንግ ወይም አንድ ቱቦ ብቻ ይሆናል፣ እሱም በርካሽ ይጠገናል።

ልማዱ አዲስ አይደለም

የካዲላክ ኤልዶራዶ ብሮሃም እ.ኤ.አ. በ1957 በአራቱም እግር የአየር ሞላ ይዞ ሲወጣ የዘመኑ አስደናቂ ነገር ተብሎ ነበር። ነገር ግን አየር እያፈሰሰ ስላስቸገረ ብዙ ባለቤቶች በብረት ሞላ አስቀየሩት። በ1984 ሊንከን ማርክ ሰባት በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የአየር ሞላ ይዞ መጣ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሬንጅ ሮቨር ተከተለ። እነዚህም ሲያረጁ ያው የብረት ሞላ ጥያቄ ተነሳባቸው። ዛሬ በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሚገኘው አርኖትና በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው ስትራትማስተርስ ሙሉ የመቀየሪያ ዕቃ አዘጋጅተው ይሸጣሉ።

ሌክሰስ ጂኤክስ

ጂኤክስ 470 እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2009 ሞዴል የተሠራ፣ ከፕራዶ 120 ጋር አንድ አካል የሚጋራ መኪና ነው። ፊቱ የብረት ሞላ፣ ኋላው የአየር ሞላ ነው፤ ሹፌሩ ከሦስት ከፍታ አንዱን ይመርጣል። ቀጥሎ የመጣው ጂኤክስ 460 ከፕራዶ 150 ጋር የሚጋራ ሲሆን የአየር ሞላ ያላቸውም፣ በብረት ሞላ የተሠሩም አሉት። ፕራዶ ራሱ በአንዳንድ አገር በከፍተኛ ደረጃው ላይ የኋላ የአየር ሞላ ነበረው፤ አውስትራሊያ ውስጥ ካካዱ የሚባለው ለምሳሌ። እኛ አገር የምናውቀው ፕራዶ በአብዛኛው በብረት ሞላ የሚሄደው ነው።

ይህ ዝምድና ለሥራው ወሳኝ ነው። በጂኤክስ 470 የኋላ አክሰል ላይ የአየር ሞላው የሚቀመጥበት ቦታ ፕራዶ እና ሌሎቹ የቶዮታ መኪኖች ፎርራነርና ኤፍጄ ክሩዘር የብረት ሞላቸውን ከሚያስቀምጡበት ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ብየዳ የለም፣ ቁረጥ ቀጥል የለም። የፎርራነር ሞላና ከላዩ የሚቀመጠው የጎማ ማረፊያ ከተገኙ ሥራው ያልቃል። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ሐበሾች ጂኤክስን የሚወዱት በጥንካሬው ነው፤ በክረምት ጨው በሚረጭበት ግዛት የሚኖሩት ግን የአየሩ መስመር መጋጠሚያ ዝገት ሊያስቸግራቸው እንደሚችል ቢያውቁ ደግ ነው።

የትኛው ሞላ?

ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ስህተትም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የአየር ሞላ ጭነት ሲጨመርበት አየር ይጨመርለታል፣ ጥንካሬውም አብሮ ያድጋል። ብቻውን ለሚነዳም፣ ሰባት ሰው ለሚጭንም ይስማማል። ተራ የብረት ሞላ ጥንካሬው አንድ ነው። አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ 35 ኒውተን የሚፈልግ ሞላ በግራም በቀኝም ቢገጠም፣ በአክሰሉ ላይ የሚያርፍ 350 ኪሎ ጭነት ኋላውን 5 ሴንቲሜትር ያህል ያወርደዋል። ያንን እንዳያወርድ ብሎ በጣም ጠንካራ ሞላ የገጠመ ደግሞ ባዶውን ሲነዳ እያንዳንዱን የፍጥነት መገደቢያ በወገቡ ይቆጥራል።

ስለዚህ ሞላ የሚመረጠው መኪናው ለወትሮ በሚሸከመው ክብደት ነው፤ አንዴ ለበዓል አገር ቤት ሲሄዱ በሚጫነው አይደለም። በፖርቶመጋላው ላይ ዘወትር መለዋወጫ ጎማና ጀሪካን የሚጭን፣ ኋላው ላይ ብረት መከላከያ ያስገጠመ ሰው መካከለኛ ወይም ከባድ ሞላ ይውሰድ። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ የፎርራነሩን ኦሪጅናል ሞላ ይግጠም፤ ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። አልፎ አልፎ ተጎታች ለሚጎትት ሰው ጥሩ መላ አለ፦ ኤር ሊፍት 1000 የሚባለው፣ በብረት ሞላው ውስጥ የሚገባ ትንሽ የአየር ከረጢት። ጎማ እንደሚነፋ በእጅ ይነፋል፣ ጭነቱ ሲወርድ ይተነፍሳል። ቢፈነዳ እንኳ መኪናው በብረቱ ላይ ቆሞ ይቀራል።

መኪናውን ከፍ ማድረግ የሚፈልጉም አሉ፤ 5 ሴንቲሜትር ያህል የሚያነሳ ሞላ በሰፊው ይሸጣል። ያኔ ሾኩም (የሞላውን ንረት የሚያበርደው ዘንግ) የሚረዝም መሆን አለበት፤ አለበለዚያ መኪናው ጉድጓድ ሲዘል ሾኩ ጫፉ ድረስ ተወጥሮ ይመታል። ኬዲኤስኤስ የሚባለው የማዘንበል መቆጣጠሪያ ባላቸው ላይ ደግሞ ለግራና ለቀኝ የተለያየ ሞላ ይዘጋጃል፤ ካልሆነ መኪናው ወደ አንድ ወገን ያጋድላል።

ሥራው

በመጀመሪያ የከፍታ መቆጣጠሪያው በማጥፊያው ይጠፋል። ይህ ሳይደረግ ክሪክ ከተሰጠ ኮምፒውተሩ የኋላው ከፍታ ተለወጠ ብሎ አየር ለመጨመር ወይም ለመልቀቅ ሊነሳ ይችላል፣ ሥር ያለ እጅም አደጋ ላይ ይወድቃል። ከዚያ አየሩ በሙሉ ይለቀቃል። አየር ባለው ሞላ ላይ የተደገፈ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

መኪናው ከሻንሲው ተነስቶ በጠንካራ ማቆሚያ ብረት ላይ ይቀመጣል፣ አክሰሉ በሌላ ክሪክ ይደገፋል። የሾኩ የታችኛው ቡሎን ይፈታል፣ የማረጋጊያው ዘንግ ማያያዣ ይለያል፣ አክሰሉ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዓይን ከፍሬን ቱቦውና ከኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦው ላይ መነሳት የለበትም፤ ሲወጠሩ ማቆም ነው። የአየር ሞላው ከቱቦው ተነቅሎ ይወጣል። ሥሩ ለዓመታት ጭቃ የተጠራቀመበት ስለሆነ ማረፊያው በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፣ ዝገት ካለ ቀለም ይቀባል። አዲሱ ሞላ የጎማ ማረፊያውን ለብሶ ይገባል፣ የሽቦው ጫፍ በመቀመጫው ላይ ካለው ማቆሚያ ጋር ይገጥማል። ዕድሜ ያላቸው ቡሎኖች ሊሰበሩ ስለሚችሉ ከሥራው ቀን ቀደም ብሎ ዝገት ማላቀቂያ ይረጭባቸዋል። ለለመደ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። አክሰሉ ወደ ላይ ሲመጣ ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ የሚያቆመው የጎማ ማገጃ በአንዳንድ መኪኖች ላይ በአየር ሞላው ውስጥ ነው ያለው። ሞላው ሲወጣ ማገጃውም አብሮ ይሄዳል፤ ካልተተካ ብረት ከብረት ይመታል። አክሰሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ቡሎኖች ተፈትተው ከነበረ የመጨረሻ ጥብቀታቸው መኪናው በጎማው ላይ ከቆመ በኋላ ይሁን፤ ተንጠልጥሎ ሳለ የጠበቀ ቡሽ (በክንዱ መጋጠሚያ ውስጥ ያለው ጎማ) ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይበጣጠሳል።

ኮምፒውተሩን ዝም ማሰኘት

ብረቱ ከገባ በኋላ ኮምፕረሰሩ አሁንም የሌለ ከረጢት ሊሞላ ይታገላል። ፊውዙ ወይም ሪሌው (ኮምፕረሰሩን የሚያበራው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) መነቀል አለበት፤ የተነቀሉ ሶኬቶች ውሃ እንዳይገባባቸው ይታሸጋሉ። ዳሽቦርዱ ላይ የከፍታ መብራት በርቶ ሊቀር ይችላል። ለዚህም ኮምፒውተሩ ሁሉ ደህና መስሎት እንዲቀመጥ የሚያደርግ ትንሽ ሞጁል ይሸጣል። የከፍታ ሴንሰሩ የፊት መብራትን አቅጣጫም የሚያስተካክል ከሆነ ሴንሰሩ እንዳለ ይተዉ፤ የመብራቱም አቅጣጫ ከሥራው በኋላ ግድግዳ ላይ ይፈተሽ፣ ከፊት የሚመጣን ሹፌር እንዳያሳውር።

በሁሉም መኪና ላይ እንዲህ ቀላል አይደለም። በላንድሮቨር ዲስከቨሪ ሁለት ላይ ብረቱን መግጠም ቀላል ነው፤ ነገር ግን የአየር ሞላውንና ኤቢኤሱን የሚያዝ ኮምፒውተር አንድ ስለሆነ በመሣሪያ ገብቶ ማስተካከል ይጠይቃል። ላንድክሩዘር 100 እና ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 ደግሞ ብዙ ሰው ከአየር ሞላ ይቆጥራቸዋል። የእነሱ ከፍታ የሚለወጠው በዘይት ግፊት ነው፤ ሥርዓቱ ሌላ ነው፣ ጥገናውም ሌላ።

በጀርመን የሚኖር ሰው ሞላ ሲቀይር ዕቃው ለመኪናው የጸደቀ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ካስፈለገም በመርማሪ አሳይቶ በመኪናው ሰነድ ላይ ማስመዝገብ አለበት። በእንግሊዝ ደግሞ ለውጡን ለኢንሹራንሱ ያሳውቅ። በኢትዮጵያ ከዚህ የሚቀድመው ጥያቄ ዕቃው የት ይገኛል የሚለው ነው። የፕራዶ ሞላ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ያገለገለ ሲገዙ ግን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ ቁመታቸውን ማነጻጸርና ሽቦው ላይ የዝገት ጉድጓድ መኖሩን በጣት መዳሰስ ያሻል።