አዝቴክ ሲባል ላባ ብቻ ለሚታየው፦ ስለ ልብስና ማዕረግ የሚነገሩ ስህተቶች

ሜክሲኮ ሲቲ ዛሬ ባለችበት ቦታ፣ ሐይቅ መሀል፣ ቴኖችቲትላን የምትባል የአዝቴኮች መዲና ነበረች። በፈረንጆቹ 1521 በስፔኖችና በአገሬው አጋሮቻቸው እጅ ወደቀች። ስለ ነዋሪዎቿ አለባበስ በየቪዲዮው የሚወራው ግን ግማሹ ተረት ነው።

«ራቁታቸውን ላባ ደፍተው ይዞሩ ነበር።»

የወንዱ የዘወትር ልብስ ግልድምና ትከሻ ላይ የሚቋጠር ቲልማትሊ የተባለ ኩታ ነው። ሴቷ ጉርዷን ወገቧ ላይ ጠምጥማ እጅጌ የሌለው ሰፊ ሸሚዝ ትደርብበታለች። በልክ የሚሰፋ ልብስ ብዙም ስላልነበረ ትልቅ ሰውና ትንሽ ሰው የሚለዩት በጨርቁ ዓይነት፣ በርዝመቱና በጥለቱ ነበር። ላባው ለመኳንንት፣ ለጦርነትና ለበዓል ነው።

«ቪየና ያለው የላባ አክሊል የሞክቴዙማ ዘውድ ነው።»

ሞክቴዙማ ሲባል ስፔኖች ሲመጡ ይነግሥ የነበረው ዳግማዊ ሞክቴዙማ ነው፤ አክሊሉ የእሱ ለመሆኑ ግን ማስረጃ የለም። በ1596 በአንድ የኦስትሪያ መስፍን የንብረት መዝገብ ላይ ብቅ ሲል «የሞሮች (የሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች) ባርኔጣ» ተብሎ ነው የሰፈረው። በጥንቶቹ ሥዕሎች ላይ የንጉሥነት ምልክት ሆኖ የሚታየው ግንባር ላይ የሚታሰር፣ ከፊቱ ሾጠጥ ያለ፣ ቱርኩዝ በተባለ ሰማያዊ ድንጋይ ያጌጠ ዘውድ ነው።

«ተራው ሰው ጥጥ ከለበሰ ይገደል ነበር።»

ይህኛው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። ዲዬጎ ዱራን የተባለው ስፔናዊ መነኩሴ ከወረራው ወዲህ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንደጻፈው፣ ከ1440 እስከ 1469 የገዛው ቀዳማዊ ሞክቴዙማ ጥጥን ለመኳንንቱ ብቻ ፈቀደ፤ ሕዝቡ ቃጫ እንዲለብስ አዘዘ። የተራ ሰው ኩታ ከጉልበት ካለፈ ቅጣቱ ሞት ነው። አንድ ማለፊያ ግን አለው፦ ጦር ሜዳ እግሩን የቆሰለ ሰው ጠባሳውን ለመሸፈን ማስረዘም ይችላል።

አዋጁ እንዲህ ይላል፤ ገበያው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። የወራሪው የስፔን ጦር አዛዥ ኮርቴስ ራሱ ለስፔን ንጉሥ በጻፈው ደብዳቤ በገበያው ስለሚሸጠው ባለ ብዙ ቀለም የጥጥ ፈትል አድንቆ ጽፏል። ሞሬሎስ በሚባለው አካባቢ የተቆፈሩ የገበሬ ቤቶችም ጥጥ የሚፈተልባቸው የእንዝርት ሸክላዎች በብዛት ተገኝተውባቸዋል። እርግጥ መፍተልና መልበስ ለየቅል ናቸው፤ የተፈተለው ለግብርም ይውላል። ግን ጥጥ በየጓዳው እየተፈተለ፣ በየገበያው እየተሸጠ ማንም አልደፈረውም ማለት ይከብዳል። እንዲያውም እንዲህ ያለ አዋጅ የሚወጣው ሰዉ ከደረጃው በላይ መልበስ ሲጀምር ይመስለኛል። ቃጫውንም ጆንያ አድርጎ ማሰብ አይገባም፤ በደንብ ተፍቆና ተፈትሎ ልስልስ ያለ ጨርቅ ይወጣዋል።

«ማዕረግ በትውልድ ብቻ ነው።»

በአብዛኛው አዎ። ምርኮኛ የያዘ የድሃ ልጅ ግን ልብሱ ይለወጥ ነበር። በ1540ዎቹ ገደማ በተሣለው፣ ኮዴክስ ሜንዶሳ በተባለው የሥዕል መጽሐፍ ላይ አንድ የማረከ ወጣት አበባ ያለበት ኩታ ሲሸለም፣ አራት የማረከ የጃጓር (ነብር መሰል አውሬ) መልክ ያለው የጦር ልብስ ለብሶ ይታያል። ዳግማዊ ሞክቴዙማ ዙፋኑን ሲይዝ ግን በጀግንነት ከፍ ያሉትን የተራ ሰው ልጆች ከቤተ መንግሥት አገልግሎት አስወጥቶ በመኳንንት ልጆች ተካቸው።

«ሀብታም ሁልጊዜ ይታይ ነበር።»

በሩቅ አገር ንግድ የከበሩት ፖችቴካዎች ከመንገድ ሲመለሱ ሸቀጣቸውን በሌሊት ያስገቡና ቀን ቀን አሮጌ የቃጫ ኩታ ጣል አድርገው ይሄዱ ነበር፤ ምቀኝነት ፈርተው። መኳንንቱም ዳግማዊ ሞክቴዙማ ፊት ሲቀርቡ ያማረውን ኩታቸውን አውልቀው ርካሽ ግን ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ በባዶ እግራቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይገቡ እንደነበር በቦታው የነበረው ወታደር ቤርናል ዲያዝ ጽፏል።

«ጨርቅ ለመልበስ ብቻ ነበር።»

ክዋችትሊ የሚባለው የጥጥ ጨርቅ እንደ እኛው አሞሌ ጨው ገንዘብ ነበር። ለጥቃቅኑ ግዢ የካካዋ ፍሬ ይከፈላል፤ ለትልቁ ክዋችትሊ። ሞቶሊኒያ የተባለው መነኩሴ እንደሚለው በ20 ያህሉ አንድ ተራ ሰው ዓመት ይኖርበታል። ይህን ሁሉ የሚፈትሉትና የሚሸምኑት ሴቶች ናቸው፤ ሴት ልጅ ስትወለድ የሚሰጣት እንዝርት ነው፣ መኳንንት ሴቶችም ቢሆኑ ከሽመና አይቀሩም። ስፔኖች አገሩን ከያዙ በኋላም ግብሩ ለተወሰነ ጊዜ በጨርቅ መሰብሰቡ ቀጥሏል።